ማሽኑ ሰውን ይልመድ

በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የተደረገ ንግግር

ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ዕለት ኑሯችን የማስበውን እንድናገር ስትጋብዙኝ ብዙ ነገር ወደ አእምሮዬ መጣ። ከአንዲት እናት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር ለአንድ ሕክምና ቤት የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልክ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ታካሚው በቀጠሮው ዋዜማ ማታ በስልኩ አጭር መልእክት ይደርሰዋል። ሥራው የሚከብድ አልነበረም። በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሁኔታውን ለማየት ካርድ ክፍሉ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው። የሚያዩዋቸው ሐኪም የሚሠሩት ጠዋት ብቻ ስለነበር ከሄዱ ቆይተዋል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «እማማ፣ ቀጠሮዎ እኮ ጠዋት ነበር» አለቻቸው። እሳቸውም ከመቀነታቸው ትንሿን ስልክ አውጥተው ሰጧት። መልእክቱ «9:00» ይላል። እሳቸው በዘጠኝ ሰዓት ደርሰዋል። ፕሮግራሙ ግን የፈረንጁን ዘጠኝ፣ የእኛን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነበር።

ያንን መልእክት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ግን ከስሕተቱ ይልቅ እኚያ እናት የተናገሩት ቃል ነው። «ይቅርታ ልጄ፣ እኔ ነኝ አላውቅበት ብዬ» አሉ። ሰዓቱን በትክክል ያነበቡት እሳቸው፣ የተሳሳትነው እኛ፣ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው። ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው፣ ሁለት ታክሲ ይዘው ተመለሱ።

ለምን «9:00» ብለን ጻፍን? ክፋት አልነበረም፤ ስንፍናም አልነበረም። አምስት ወጣቶች ነበርን፤ አምስታችንም ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ የፈረንጅ ሰዓት እያየን የምንውል። ቤት ስንገባ ከእናቶቻችን ጋር በሐበሻ ሰዓት እናወራለን፣ ቢሮ ስንመለስ እንቀይራለን፣ መቀየራችንንም ረስተነዋል። ከአምስታችን አንዱ መልእክቱን ጮክ ብሎ ለሌላው ቢያነበው ኖሮ ጆሯችን ወዲያው ይይዘው ነበር። ማንም አላነበበውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር አምኜ እኖራለሁ፤ ዛሬ የምነግራችሁም እሱን ነው። በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ በሐሳብ የተሣለ አንድ ሰው ተቀምጧል። ያስቀመጡት ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ሳያውቁት። ያ ሰው የራሱ ስምና የቤተሰብ ስም አለው፤ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ ስልኩን ለብቻው ይይዛል፤ መብራት አይጠፋበትም። እናንተ እሱን ከመሰላችሁ ፕሮግራሙ ይመቻችኋል። ካልመሰላችሁ ስማችሁን፣ ሰዓታችሁን፣ ልማዳችሁን እንድታጥፉለት ይጠብቃል። እኔ የምለው መታጠፍ ያለበት ማሽኑ ነው። ማሽን አይደክመውም፤ አያፍርም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታክሲ አይጠብቅም።

ሰዓታችንን እንመልከት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ቀኑና ሌሊቱ በርዝመት ብዙም አይበላለጡም፤ ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ነው። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ቆጠራውን መጀመር ለዚህ አገር እጅግ የተመቸ ነገር ነው። በብርዱ ወራት ቀኑ ወደ ስምንት ሰዓት በሚያጥርባት በለንደን እንዲህ ያለ ሰዓት አይሠራም። በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛው ጠዋት ላይ «ሦስት ሰዓት» ይላሉ፤ ምክንያቱም ያችኑ ፀሐይ ነው የሚያዩት።

ታዲያ መፍትሔው ስድስት መቀነስ ነው የሚል ወጣት ባለሙያ ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን የሩቅ አገር አውቶቡስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል እንበል። በፈረንጁ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት አልፏልና ረቡዕ ሆኗል፤ ከቤቱ ሻንጣውን አስሮ ለሚጠብቀው መንገደኛ ግን ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው። ትኬቱ ላይ «ረቡዕ» ተብሎ ቢጻፍ የረቡዕን ቀን ውሎ ማታ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አማርኛ ለዚህ ከጥንትም መልስ አለው፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ»። በዚህች ሐረግ ውስጥ ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ፕሮግራሙ ትኬት ላይ እንዲህ ብሎ እንዲያትም ማድረግ ለአንድ ባለሙያ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ችግሩ ሥራው ከብዶን አይደለም፤ ሐረጓ ያለችው እናቶቻችን አፍ ላይ ሲሆን እኛ ደግሞ ቢሮ ነን። ለዚያ ሕክምና ቤት በመጨረሻ የላክነው መልእክት «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በሰዓት ምክንያት ቀጠሮ ያለፈበት ሰው አላጋጠመኝም።

ስለ ቀን መቁጠሪያችን ደግሞ ቆም ብዬ ልናገር፤ በሙያዬ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ነገር እዚያ ነውና። በመጀመሪያ ግን አንድ ቅሬታ። የእህቴ ልጅ የተወለደችው ጳጉሜን 3 ነው። ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ስትሄድ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የወራት ዝርዝር ከመስከረም ተነስቶ ነሐሴ ላይ ያበቃል። መዝጋቢዋ ግራ ቢገባት ነሐሴ 30 ብላ ጻፈች። ልጅቱ በወረቀት ላይ ሦስት ቀን ቀድማ ተወለደች። በስደት በየአገሩ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ ሰነዳቸው ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ነው። የተወለደበትን ዕለት በትክክል የማያውቅ ሰው ያችን ሳጥን ባዶ ትቶ ማለፍ ስለማይፈቀድለት፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ተሰጠው። «አላውቅም» የሚለው እውነተኛ መልስ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ለእኔ ሐሰት የሚያጽፍ ቅጽ የተበላሸ ቅጽ ነው፤ ምንም ያህል ቢያምር።

አሁን ወደ ደስታዬ ልመለስ። ባሕረ ሐሳብን ታውቁታላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የምትሰጠው፣ ሊቃውንቱ በቃላቸው ይዘው አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጡበት ሥሌት ነው። እስቲ የ2017ን ፋሲካ አብረን እናውጣ። ዓመተ ዓለሙ 5500 ሲደመር 2017፣ ማለትም 7517 ነው። ለ19 ስናካፍለው 12 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ እንተውና ወንበሩ 11 ይሆናል። 11ን በ11 እናባዛ፣ 121፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ 1 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 11ን በ19 እናባዛ፣ 209፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ 29፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልመጡ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል፤ እኛም በዘመናዊው ሙያ ፕሮግራም ውስጥ እንዲህ ያለ መፈተኛ እናስቀምጣለን። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 4 ነው። 29 ሲደመር 4፣ 33፤ ሠላሳውን ስንገድፍ 3። ድምሩ ከሠላሳ ስላለፈ ጾመ ነነዌ ከጥር አልፎ የካቲት 3 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሩ ሚያዝያ 12 ትደርሳላችሁ፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለውም ያን ቀን ነው።

ይህን ስሠራ ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የተማርነውን፣ ቁጥርን አካፍሎ ትራፊውን መያዝ፣ ደብተራዎቻችን «መግደፍ» ይሉታል። መብራት የሌለበት ቤት ውስጥ፣ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ፣ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲያወርሱት ኖረዋል። ዓመቱ የየትኛው ወንጌላዊ ነው የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ዓመተ ዓለሙን ለአራት አካፍላችሁ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ 2015ን አስታውሱ። ይህን ሁሉ የያዘ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ኮምፒውተሩ ጳጉሜንን አይቀበልም» ማለት ለእኔ ያሳፍራል። ኮምፒውተሩ ይቀበላል። ያልተቀበለው ያን ዝርዝር የጻፈው ሰው ነው።

ከመሐንዲሶቹ ወገንም አንድ ሥሌት ልጨምር። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚይዙት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በመቁጠር ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ለረጅም ጊዜ ለዚህ ቁጥር የተመደበለት ቦታ 32 ቢት ነበር፤ ያ ቦታ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ሞልቶ የሚፈስበት ቀን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ይህን ወደ እኛ ስትመልሱት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ይሆናል፤ የጥምቀት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ በባሕረ ጥምቀቱ አድረው ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በሚጠባበቅበት ሰዓት፣ ሳይታደሱ የቀሩ አሮጌ ማሽኖች ካሉ በአንዲት ሰከንድ ዘመኑን ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይመልሱታል። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች 64 ቢት ስለሚጠቀሙ አይነካቸውም። የምሰጋው በየግድግዳው ተሰክተው ለተረሱት ትንንሽ ዕቃዎች ነው፤ ቆጣሪ፣ የበር መክፈቻ፣ የፋብሪካ መቆጣጠሪያ። በ1960ዎቹ የተወሰነች አንዲት የቦታ ቁጠባ በ2030 የሰው በዓል ላይ ትደርሳለች። ውሳኔ እንዲህ ዕድሜው ረጅም ነው።

ወደ ፊደላችን ልሂድ። ወጣቶች አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉ እያዩ የሚቆጡ አባቶች አሉ። ቁጣው ይገባኛል፤ ሥሩን ግን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በቦን ከተማ ታይፕ ራይተሩ ፊት ተቀምጦ ልዩ ልዩ ዓረፍተ ነገሮች እየጻፈ ፊደላቱን ቆጠረ። ሁሉም ማለት ይቻላል ከ160 ፊደል አላለፉም። አጭር የስልክ መልእክት 160 ፊደል ይበቃዋል የተባለው እንዲህ ነው። የላቲን ፊደል በስልክ መልእክት ውስጥ 7 ቢት ስለሚወስድ፣ 160ው በ140 ባይት ይገባል። የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ይወስዳል። በዚያው 140 ባይት ውስጥ የሚገባው 70 ብቻ ነው። 71ኛዋ ፊደል ስትጨመር ሁለተኛ መልእክት ይቆጠራል፤ ሒሳቡም እንደዚያው።

እውነቱን ለመናገር ፊደላችን ቁጥብ ነው። «ሰላም» በሦስት ፊደል ያልቃል፣ በላቲን አምስት ይፈጃል። ስለዚህ ኪሳራው 160 እና 70 ሲባል የሚመስለውን ያህል አይደለም። ቢሆንም ሌላም ነገር ነበር፤ የቀድሞዎቹ ስልኮች ብዙዎቹ ፊደላችንን ጭራሽ አያሳዩም፤ በምትኩ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ። የአንድ ትውልድ ጣት አጻጻፍ የተማረው በእነዚያ ስልኮች ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ በሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶችን እስኪያስገባ ድረስ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ እንዲህ ተቆልፈው የቀሩ ጽሑፎች አሉ። እንዲህ ያለ ፋይል ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ቀያሪ መሣሪያና የሚያውቅበት ሰው በቀላሉ በሚገኝበት በዚህ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት፤ እባካችሁ አትዘግዩ።

ሞክሼ ፊደላት ላይ ያለኝን አስተያየትም ልናገር። ፀሐይ የሚለውን ስም ውሰዱ። ሁለቱ «ፀ»ዎች፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ሁለት ጊዜ ስድስት፣ አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ። ስናነበው አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አሥራ ሁለት ሰው ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ባንክ ሄደው «ስምዎ የለም» የሚባሉት ለዚህ ነው። ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር ኮምፒውተር ሳይመጣ የነበረ ነው፤ በሊቃውንቱ መካከል ገብቼ አልፈርድም። ኮምፒውተር ይቸገራልና ፊደል ይቀነስ የሚለውን ግን በሙያዬ እቃወማለሁ። አይቸገርም። ሰው ስሙን እንደጻፈው እንዳለ ያስቀምጣል፤ ሲፈልግ ብቻ ከበስተጀርባ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ቆጥሮ ያመሳክራል። ይህን የሚሠራ ሰንጠረዥ እኔ ራሴ በአንድ ቀን ጽፌአለሁ። ወይዘሮ ፀሐይ አያታቸው በ«ፀ» የጻፉላቸውን ስም ይዘው ይኑሩ፤ ድካሙ የማሽኑ ይሁን።

ስም ካነሳን፣ የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። በብዙ ቅጾች ላይ ያለው ሳጥን ግን «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ፣ ባሏና ልጃቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይኖራሉ፤ ልጇን ይዛ ድንበር ባለፈች ቁጥር ልጁ የእሷ መሆኑን ማስረዳት አለባት። እኔ ደግሞ በአባቴ ስም «ውድ አቶ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ በኢሜይል በየጊዜው ይደርሰኛል። አባቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ደብዳቤው ለእኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስማቸውን እንዲያ ተጠርቶ ባየሁ ቁጥር ግን ለአፍታ እቆማለሁ። አይስላንድ ውስጥም አብዛኛው ሰው ከራሱ ስም ቀጥሎ የሚይዘው የአባቱን ስም ነው፤ የስልክ ማውጫቸውም ሲደረደር የኖረው በራስ ስም ነው። አንድ ትንሽ አገር ማውጫውን እንደ ሕዝቡ አድርጎ ማዘጋጀት ከቻለ እኛን ምን ይከለክለናል? ለሥራ ባልደረቦቼ የምመክረው አጭር ነው፤ አንድ ሰፊ ሳጥን «ሙሉ ስም» ብላችሁ አስቀምጡ፣ ከሥሩ ደግሞ «ምን ብለን እንጥራዎት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከስምና ከቅጽ ሌላ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስልክ በማዕድ ላይ ስለሚያደርሰው መለያየት ነው። እዚህ ላይ የማውቀው ጥቂት ስለሆነ የማደርገውን ብቻ ልንገራችሁ። ስልኬ እንዲጮኽ የምፈቅደው ሰው ሲፈልገኝ ነው። መተግበሪያ ሲፈልገኝ ዝም እንዲል አድርጌዋለሁ። ቅንብሩ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ ወዲህ ቡና ሲፈላ ከነስልኬ ብቀመጥም ሰላም ነኝ።

የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥም አለ። ረጅም ቅጽ ሞልታችሁ ልትጨርሱ ስትሉ ኔትወርክ ተቋርጦ ሁሉም የጠፋባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ይህ የእናንተ ዕጣ ፈንታ አይደለም። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን መስመር ስትጽፉ እዚያው ስልካችሁ ላይ ሊያስቀምጥ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ካቆማችሁበት ሊቀጥል ይችላል። ያን ያላደረገው የሠራው ሰው መብራት የማይጠፋበት ክፍል ውስጥ ስለፈተነው ነው። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ «አላውቅበት ብዬ» አትበሉ። የተበላሸውን ንገሩን፤ ደውሉ፣ ቅሬታ ጻፉ። እኚያ የዘጠኝ ሰዓቱን መልእክት ይዘው የመጡት እናት ስልካቸውን ባያሳዩን ኖሮ፣ ስንት ሰው ዝም ብሎ ይመለስ እንደነበር ሳስበው ይጨንቀኛል።

በስልክ ገንዘብ መላላክ ከመጣ ወዲህ፣ በተለይ ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ በኋላ፣ የሰፈራችን ገበያ ተለውጧል። በጉሊት ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤቴ ዝርዝር ፍለጋ ስትሮጥ አላያትም። ለተራው ስልክም ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መግባት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ውድ ስልክ የሌለው ሰው አልተረሳም። እኔን የሚያሳስበኝ የሚስጥር ቁጥሩ ነው። ጎረቤቴ ማንበብ አትችልም። ገንዘቡ መግባቱን የሚያነብላት ስድስተኛ ክፍል የሚማረው ልጇ ነው፤ እሱ ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ በአጠገቧ የተገኘ ሰው። ሒሳቧን ለማየት ቁጥሩን ለሁሉም ነግራለች። «ሚስጥሩን ለማንም አትንገሪ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ምክሩን የጻፈው ሰው ግን የራሱን መልእክት ራሱ ያነባል። በእኔ አስተያየት ማየትና ማውጣት በሁለት የተለያዩ ቁልፎች መከፈት አለባቸው። ልጁ ገባ አልገባ የሚለውን ያይላት፤ ማውጣት የምትችለው እሷ ብቻ ትሁን። ድምፅም አለ፤ «ሁለት መቶ ብር ገብቷል» ብሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የሚናገር ስልክ ለዚህች ሴት ከየትኛውም የተዋበ ስክሪን ይበልጣል።

በመጨረሻ ስለ ሰፈራችን እድር ልንገራችሁ። ኮሚቴው የአባላቱን መዋጮ በኮምፒውተር እንድይዝላቸው ጠየቀኝ፤ በደስታ ተቀበልኩ። ማንኛውንም ነገር ከመጻፌ በፊት ከጸሐፊው ጋር ለመቀመጥ ወሰንኩ፤ ይህን ያስተማረችኝ ያች «9:00» ናት። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደብተራቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩኝ ሳለ፣ በአንዳንድ ስሞች ትይዩ ክፍያ ሳይጻፍ ትንሽ ነጥብ ብቻ መኖሯን አየሁ።

«ጋሼ፣ ይህች ነጥብ ምንድን ናት?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው፣ «ይህች ልጅ ባሏ ከተኛ ወዲህ መክፈል አልቻለችም። እኛም አንጠይቃትም። ቦታው ባዶ ከሆነ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጸሐፊ ያላየሁት ይመስለዋል» አሉኝ።

እኔ በሐሳቤ የሠራሁት ፕሮግራም ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ከፍሏል፣ አልከፈለም። ያልከፈለው በቀይ ይወጣል። አንድ የምኮራበት ነገርም አዘጋጅቼ ነበር። «በወሩ መጨረሻ በራሱ የማስታወሻ መልእክት ይልካል» አልኳቸው።

«ለማን?»

«ላልከፈሉት ሁሉ።»

«ለእሷም?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስተኛ ምርጫ ልጨምር፣ «በምሕረት የታለፈ» ልበለው ብዬ አሰብኩ። ነገሩን ለጋሼ ሳነሳባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብተሩን የሚያዩት እሳቸው፣ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ናቸው። ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ነገር ግን ይታተማል፣ ይገለበጣል፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። ያች ልጅ ስሟ «በምሕረት የታለፈ» በሚል ርእስ ሥር ተጽፎ ብታየው፣ ከቀዩ ቀለም ይልቅ ያ እንደሚያሳፍራት አስረዱኝ። እውነታቸውን ነው። በሙያዬ ከሃያ ዓመት በላይ ስሠራ ስለ ሰው ክብር እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ ሰው የለም።

መልእክት መላኩን አጠፋሁት፤ ቀዩንም አነሳሁት። ፕሮግራሙ ዛሬ መዋጮውን ይደምራል፣ የቀብር ወጪውን ይቀንሳል፣ በዓመቱ መጨረሻ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚነበበውን ሪፖርት ያዘጋጃል። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አስተካክል አሉኝ፤ ፊደሉን አተልቅልኝ። አተለቅሁላቸው። ነጥቧን አላስገባኋትም። ደብተሩ እሳቸው ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ በኮታቸው ኪስ።